አባባ፣ እንደገና ከመጣ አይቅሩብኝ

አሰላሙ ዐለይኩም አባባ፤

እንዴት ከረሙ? እግርዎ እንዴት ነው? «ቁስሉ ደርቋል» ያሉኝን አምኜያለሁ፤ ስመጣ ግን ካልሲውን አስወልቄ ማየቴ አይቀርም። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ደሴ እንደሚያውቋት ናት። ከሰዓት በኋላ ጉሙ ከጦሳ ይወርዳል፤ ልጆቹ ከትምህርት ቤት የሚመለሱት አፍንጫቸው ቀልቶ ነው። ትንሹ «አባባ ጋ ሞቃት ነው፣ እዚያ እንኑር» እያለ ያስቸግረኛል።

ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ላይ ተቀምጬ ደብዳቤ መጻፌ ይገርምዎት ይሆናል። በስልክ ስላልተቻለ ነው። ጦርነት እንደገና ከመጣ ከቤት ስለ መውጣትዎ ወሬውን ገና ስጀምረው «ተይው ልጄ፣ አላህ ያውቃል» ይሉኝና ስለ ልጆቹ ይጠይቁኛል። ስመጣ ደግሞ እንግዳ አይጠፋም፣ ቡና ይቀርባል፣ ነገሩ ተዳፍኖ ይቀራል። ወረቀት ግን አያቋርጡም። ዕቃ የተጠቀለለበትን ጋዜጣ እንኳ ሳያነቡ የማይጥሉ ሰው ነዎት።

ሰሞኑን መድኃኒት ቤት የሚመጣው ሁሉ ጥያቄው አንድ ሆኗል። የደም ግፊት የሚወስደው፣ አስም ያለበት፣ የስኳር ሕመምተኛው፣ ሁሉም «ለሦስት ወር የሚሆን ስጪኝ» ይለኛል። ለምን ብዬ አልጠይቅም። ከሐምሌ 2015 ጀምሮ መከላከያና ፋኖ በክልላችን ሲዋጉ፣ መንገድ ሲዘጋና ሲከፈት ኖረናል። ከሰሜን በኩል ደግሞ በየጊዜው «ጦርነት ሊጀመር ነው» የሚል ወሬ ይመጣል። ውሸት ሆኖ ቢቀር ከእኔ በላይ የሚደሰት የለም። እውነት ከሆነ ግን አንቱ የሚያደርጉትን ከአሁኑ አውቀዋለሁ። በሩ ላይ ይቆማሉ፣ «እኔ የትም አልሄድም» ይላሉ፣ በቃ። ስለዚህ አገር ሰላም ሳለ፣ ማንም ሳይጣደፍ እንነጋገር ብዬ ነው።

ያን የ2014 የጥቅምት ቀን ያስታውሱታል። ወልድያ በሕወሓት ኃይሎች ከተያዘች ወራት አልፈው ነበር። ክረምቱን ከቆቦ፣ ከወልድያ፣ ከመርሳ የተፈናቀለው ሕዝብ ደሴ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ተጠልሎ ነበር። ውጊያው በሐይቅና በኩታበር በኩል እየቀረበ ሲመጣ ያ ሕዝብ ፍራሹን ተሸክሞ እንደገና ተነሳ። እኛም ከኋላው ተነሳን። ከጎረቤት ጋር አይሱዙ ላይ ተጭነን ሐረጎን ስንወርድ መንገዱ ሰውና ከብት፣ ባጃጅና ጋሪ ተቀላቅሎበት ነበር። ኮምቦልቻ ስንደርስ ሾፌሩን «አስር ደቂቃ ብቻ» ብዬ ለምኜ ወደ ቤት ሮጥኩ። የግቢውን በር ማጠፊያ ዘይት ሲቀቡ አገኘሁዎት። ከተማው እየተነቀለ አንቱ በር ያለሰልሱ ነበር።

«አባባ ይነሱ፣ መኪና ይዣለሁ» ስልዎ ጨርቁን አጥፈው ኪስዎ ከተቱ። «ሰማንያ ሦስትን በዚሁ ቤት ነው ያየሁት። መጡ፣ አለፉ፣ አለቀ» አሉኝ። ሾፌሩ ክላክስ ያደርጋል፣ ልጆቹ መኪናው ላይ ሆነው ያለቅሳሉ። እጅዎን ስሜ ሄድኩ። በሐርቡ፣ በከሚሴ፣ በአጣዬ አድርገን ሸዋ ገባን። ብዙም ሳይቆይ ያ መንገድ ተዘጋ።

የሰማንያ ሦስቱ ነገር እውነት ነው፤ አልክድዎትም። በዚያ ግንቦት ኢሕአዴግ «ዘመቻ ዋለልኝ» ብሎ የከፈተው ማጥቃት የወሎን ግንባር ሰበረው። ደሴና ኮምቦልቻ ተያዙ፤ ግንቦት 13 መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አገር ጥሎ ወጣ፤ ግንቦት 20 አዲስ አበባ ተያዘች። ጦርነቱ በእኛ ላይ አንዴ አለፈ፤ ተመልሶ አልመጣም። አያቴም ኅዳር 26 ቀን 1928 ጣሊያን ደሴን በአውሮፕላን ሲደበድብ የሆነውን ያወሩልን ነበር። ጃንሆይ ራሳቸው ከተማው ውስጥ ነበሩ፤ ቀይ መስቀል የተሰቀለበት ሆስፒታል ሳይቀር ተመታ። አያቴ ታዲያ ታሪኩን የሚጨርሱት «ማታ ወደ ቤታችን ገባን» ብለው ነው። እኛ ቤት ከአባት ወደ ልጅ የወረደው ትምህርት ይሄ ነው። ቤትህን አትልቀቅ፤ ያልፋል።

የ2014ቱ ግን አላለፈም። ይህን ነው ቁጭ ብለው እንዲያስቡልኝ የምፈልገው።

የሕወሓት ኃይሎች ደሴን ያዝን ያሉት ጥቅምት 20 ነው፤ ኮምቦልቻ ተከተለች። ጥቅምት 23 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። እንደ ሰማንያ ሦስቱ ቢሆን ኖሮ ግንባሩ ወደ መሃል አገር ሄዶ እኛን ይረሳን ነበር። ይሄኛው ሸዋ ሮቢትን አልፎ ደብረ ሲና ደረሰና ቆመ። የቆመ ግንባር ደግሞ ከኋላው ያለውን ከተማ ይበላል። ነዳጁ፣ እህሉ፣ መኪናው፣ መድኃኒቱ ከየት ይምጣለት? ከደሴና ከኮምቦልቻ ነዋ። ከዚያ መልሶ ማጥቃቱ ሲጀመር ያው ግንባር በመጣበት መንገድ ተመለሰ፤ በዚያው በአንቱ ጣሪያ ላይ። ላሊበላንማ ይዩዋት። ተያዘች፣ ኅዳር 22 ተለቀቀች ተባለ፣ ብዙም ሳትቆይ እንደገና ተያዘች፣ እንደገና ተለቀቀች። እዚያ ቤቱን ሲጠብቅ የነበረ ሽማግሌ ጦርነቱ ስንት ጊዜ አለፈበት?

ኮምቦልቻ ደግሞ ማንም ዘሎ የሚያልፋት ከተማ አይደለችም። አንቱ ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ ከጨርቃጨርቅ ፋብሪካው ወጥተው ወደ ቤት ሲመለሱ የጭነት መኪናውን እየቆጠሩ ነው ዕድሜዎን የጨረሱት። አንዱ መንገድ ከአዲስ አበባ በከሚሴ መጥቶ ወደ ደሴ፣ ወልድያና መቀሌ ይወጣል። ሌላው በባቲ አድርጎ ወደ ሚሌ፣ ወደ ጅቡቲው መንገድ ይወርዳል። ያን ሰሞን በአፋር በኩል ያ ሁሉ ውጊያ የተደረገው ለዚህ ነው። ሚሌ ቢያዝ ኖሮ የአገሪቱ ዕቃ የሚገባበት መንገድ ይቆረጥ ነበር። መከላከያም ሲመለስ በሁለቱም በኩል ነው የመጣው። በሸዋ በኩል ወደ ከሚሴ፤ በአፋር በኩል ከካሳጊታና ከጭፍራ ወደ ባቲ፣ ከዚያ በገርባና በደጋን ወደ እናንተ። ሁለቱ መንገዶች የሚገናኙት ከቤታችን አንድ ባጃጅ የማያስከፍል ርቀት ላይ ነው። ከላይ ደግሞ የሐረጎ ተራራ አለ፤ እሱን የያዘ ታች ያለውን ይመታል። እንዲህ ያለ ቦታ የተሠራ ቤት «ያልፋል» ተብሎ አይጠበቅም።

እኔ ያን ጊዜ አዲስ አበባ፣ አየር ጤና እነ እህቴ ቤት ነበርኩ። ወደ እናንተ ስልክ የለም። መብራት የለም፣ ባንክ የለም ይባላል። ኅዳር 13 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ወደ ግንባር እሄዳለሁ ሲሉ ቤቱ ውስጥ «አሁን ያልቃል» ተባለ። ማጥቃቱ «ዘመቻ ለኅብረ ብሔራዊ አንድነት» የሚል ስም ወጣለት። ከኅዳር 22 በኋላ በቴሌቪዥን የተለቀቁ ከተሞች ስም በየቀኑ ይነበብ ጀመር። የእህቴ ልጅ ደብተር ላይ በእርሳስ መንገዱን ሥላ ስሙ የተጠራውን ከተማ ታከብብ ነበር። ክቡ ወደ ኮምቦልቻ በቀረበ ቁጥር ደስ ይለኛል፣ ደግሞ ሆዴ ይባባል። ወደ አንቱ የሚቀርበው መድፍ ነው። መድፍ አባቴ ያሉበት ቤት የትኛው እንደሆነ አይጠይቅም። ድሮኑም ቢሆን ከዚያ ከፍታ ላይ ሆኖ ስንቱን ሊለይ ይችላል?

ሰኞ ኅዳር 27 ደሴና ኮምቦልቻ ነፃ ወጡ ሲባል እልል አልኩ። መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ዛሬም ያን ቀን ሳስብ ለእነዚያ ለዘመቱት ልጆች ዱዓ አደርጋለሁ። ጢሙ ያላበቀለ የሰው ልጅ የእኔን አባት ሊያስለቅቅ መጥቶ እዚያ ዳገት ላይ ቀርቷል። ይህን አልረሳም፣ ልጆቼም እንዲረሱት አልፈቅድም። ዘመቻው መምጣት ነበረበት። አንቱ ግን ሲመጣ እዚያ መገኘት አልነበረብዎትም።

ስለዚያ ሌሊት በስንት ጊዜ ቁርጥራጭ ቁርጥራጩን ነው የነገሩኝ። አንድ ቀን ጠፍጣፋ ድንጋይ የሚያክል ብረት አምጥተው አሳዩኝ፣ «ይሄ ከውሃ ታንከሩ ሥር ነው የተገኘው» ብለው። ሌላ ቀን ልጆቹ ሲጫወቱ በር ጓ ሲያደርጉ ጽዋው ከእጅዎ ወደቀ፤ ያን ጊዜ «እንዲህ ነበር ድምፁ፣ ያለማቋረጥ» አሉኝ። ጣሪያው ላይ አቧራ ይዘንብ እንደነበር፣ ከጀርባ ያሉት እማማ ጋር አንድ አልጋ ሥር ተቃቅፈው እንዳደሩ፣ እሳቸው በእመቤታችን ስም አንቱ በነቢዩ ስም ስትማጸኑ ሌሊቱ እንደነጋ። ታጣቂዎቹ ሲያፈገፍጉ ግቢ ገብተው ዱቄቱንና ብርድ ልብሱን ወስደው፣ ከመካከላቸው አንዱ ልጅ አንቱን አይቶ ብርድ ልብሱን መልሶ መሬት ላይ አስቀምጦ እንደሄደ። ይህችን የመጨረሻዋን ሲነግሩኝ ድምፅዎ ተለወጠ። «የማን ልጅ ይሆን፣ ቤቱ ገብቶ ይሆን» አሉ። እኔም ከዚያ ወዲህ ስለ እሱ አስባለሁ።

አሁን ወደማይወዱት ወሬ ልምጣ።

መንገድ እንደተከፈተ ስመጣ «ደህና ነበርኩ» ነው ያሉኝ። እውነቱን የነገረኝ ማሰሮው ነው። ጓዳ ጥግ፣ መሬት ላይ፣ ሳፋ ሙሉ እርጥብ አሸዋ ውስጥ የተቀበረች ትንሽ ማሰሮ። ክዳኗን ሳነሳ በላስቲክ የተጠቀለለች አንዲት የኢንሱሊን ብልቃጥ አገኘሁ። ታች ላይ ትንሽ ቀርቷታል። ብርሃን ላይ ይዤ ሳያት መድኃኒቱ ተቋጥሯል፤ ነጭ ነጭ ነገር ብልቃጡ ግድግዳ ላይ ተጣብቋል። መብራት ሲጠፋ እንዲህ ያዘጋጁልዎ እማማ ናቸው፣ አላህ ይስጣቸው። ጥሩ ዘዴ ነው፤ እኛም ፍሪጅ ለሌለው ሰው የምንመክረው ይሄንኑ ነው። ግን የተከፈተ ብልቃጥ እንዲህ ተይዞም ዕድሜው አንድ ወር ገደማ ነው። ያን መልክ ካመጣ ደግሞ መጣል ነው ያለበት። አንቱ እሱኑ እንዳያልቅብዎ ግማሽ ግማሽ ይወጉ ነበር። መጨረሻ ላይ አንድ ቀን ዘለው አንድ ቀን።

ጣትዎን ወግቼ ስለካዎት ማሽኑ ቁጥር አልሰጠኝም። «ሃይ» ብሎ ቆመ። ስኳሩ ማሽኑ ከሚቆጥረው በላይ ሲሆን ነው እንዲህ የሚለው። በሥራዬ ስንቱን ሰው ለክቻለሁ፤ ያን ጽሑፍ በአባቴ ደም ሳየው ግን እጄ ተንቀጠቀጠ። አፍዎ ደርቆ ውሃ ውሃ ይሉ ነበር። ሱሪዎ በገመድ ታስሯል። የግራ እግርዎ አውራ ጣት ጠቁሯል፤ «ድንጋይ መትቶኝ ነው» አሉኝ።

ከተማው ነፃ ወጥቷል። ግን የት ልውሰድዎት? የደሴ ሆስፒታል፣ ከአፋር ሳይቀር ሰው ታዝሎ የሚመጣበት፣ ዕቃው ተዘርፎና ተሰባብሮ ነበር። ጤና ጣቢያ ሄድኩ፤ ያገኘሁት አንዲት ነርስና ባዶ ካርቶን ነው። እኔ የምሠራበት መድኃኒት ቤት መደርደሪያው ተነቅሎ ተወስዷል። በዚያው ሳምንት የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት መጋዘኖቹ ስለተዘረፉ በደሴና በኮምቦልቻ ምግብ ማደል አቁሜያለሁ አለ። ከተዘረፈው ውስጥ በምግብ እጥረት ለተጎዱ ሕፃናት የሚሰጠው አልሚ ምግብ ነበረበት። ታጣቂዎችም፣ ከከተማው ሰው አንዳንዱም ገብቶበታል ተባለ። አንቱ ይህን ሲሰሙ አንገትዎን ደፉ። እኔ ከወር በላይ በተዘጋ ከተማ በራበው ሰው ላይ አልፈርድም። ከወንድምዎ ልጅ ጋር ፒክአፕ ለምነን ደብረ ብርሃን ወሰድንዎት። ሐኪሙ ጣትዎን አይቶ «ሳምንት ብትቆዩ ኖሮ እግሩን ነበር» አለ። አንቱ አልሰሙትም፤ እኔ ነኝ ኮሪደር ላይ የሰማሁት። እስከ ዛሬ አልነገርኩዎትም።

ጥይቱንማ አምልጠዋል አባባ። ሊገድልዎ የነበረው የመብራቱ መጥፋትና የመንገዱ መዘጋት ነው። ይሄ ደግሞ የእኛ ብቻ አልነበረም። መቀሌ ዓይደር ሆስፒታልም ሐኪሞቹ «ኢንሱሊን አለቀብን» እያሉ ይጮኹ ነበር። እዚያም እንደ እኔ ያለች ልጅ የአባቷን ብልቃጥ ብርሃን ላይ ይዛ አይታለች። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነቱን ያደራደሩት ኦባሳንጆ በዚያ ጦርነት እስከ 600,000 ሰው ሳይሞት አልቀረም ብለዋል። ያ ሁሉ ሰው በጥይት ብቻ አልሞተም፤ መድኃኒት ያጣው፣ የተራበው አለበት። ወጣቱ ወይ ይዘምታል ወይ ይሸሻል። ቤት ሊጠብቅ የሚቀረው ሽማግሌ ነው፤ በሁለቱም በኩል።

አሁን ደግሞ አንቱ ያልነገሩኝን እኔ ልናገር። ቤቱ አይመስለኝም ያስቀረዎት። የእማዬ መቃብርም አይደለም፤ እማዬ በሕይወት ብትኖር መኪናው ላይ ቀድማ የምትወጣው እሷ ነበረች። ያን ክረምት እኔ ጋ ደሴ በመጡ ጊዜ ዳቦ አስገዝተውኝ ተፈናቃዮቹ ወዳሉበት ትምህርት ቤት አብረን ሄድን። ሰልፉ ላይ አንቱን የሚያክሉ ሰው ነበሩ። ካፖርታቸው ንጹሕ፣ ከዘራቸው የተወለወለ። በአንድ እጃቸው ከዘራ፣ በአንድ እጃቸው የላስቲክ ሳህን ይዘው ቆመዋል። ዓይን ለዓይን ተጋጠማችሁ። እሳቸው ወደ መሬት አዩ፤ አንቱም ወደ መሬት አዩ። ስንመለስ መንገዱን ሙሉ አልተናገሩም። ሰኞ ገበያ ስንደርስ ብቻ «ሰው በስተርጅናው እንግዳ ይቀበላል እንጂ እንግዳ አይሆንም» አሉኝ። የቆረጡት ያኔ ነው። ጥቅምት ላይ በሩ ጋ ሳገኝዎት ነገሩ ካለቀ ቆይቷል።

ይገባኛል። ዕድሜ ልክዎን ሌላውን ሲያበሉ የኖሩ ሰው ነዎት። ጨርቃጨርቅ ደመወዝ ሲወጣ መጀመሪያ የሚገዙት ዱቄት ለእኛ ብቻ አልነበረም። ግን አየር ጤና ያለው ቤት በዚያው ደመወዝ የተማረች ልጅዎ ቤት ነው። እዚያ ሰልፍ የለም። ማንም ሳህን አያስይዝዎትም። ልጅ ቤት የገባ አባት ተፈናቃይ አይባልም፤ ቢባልም እንኳ ያሳፈረው የተፈናቀለውን አይደለም። የአዲስ አበባው ጫጫታ አልስማማኝ ካለ ደብረ ብርሃን አንድ ክፍል እንከራያለን፤ መስጊዱም ሐኪሙም ቅርብ የሆነበት። እህቴን አነጋግሬያታለሁ፤ ኪራዩን ተካፍለን እንከፍላለን።

የምለምንዎት ይሄን ነው። የመድፍ ድምፅ እስኪሰማ አንጠብቅ። በ2013 ነሐሴ ወልድያ ተይዛ ደሴ የተያዘችው ጥቅምት መጨረሻ ላይ ነው። በመሃል ያን ያህል ጊዜ ነበረን። አሁን ወደ ወልድያ በኩል ውጊያ ተነሳ ከተባለ፣ ወይም ባንኩ ብር መስጠት ከቀነሰ፣ ወይም እኔ ደውዬ «ይውጡ» ካልኩዎ፣ በማግስቱ ጠዋት መኪና ይሳፈራሉ። ወሬው ውሸት ሆኖ ከተገኘ በሳምንቱ ይመለሳሉ። ቢበዛ የትራንስፖርት ብር ነው የምናጣው። ነሐሴ 18 ቀን 2014 ውጊያው እንደገና ሲቀሰቀስ የቆቦ ሰው ይህን ያህል ጊዜ አላገኘም።

ደብዳቤውን ከሚያመጣልዎ ልጅ ጋር አንድ ጥቁር ቦርሳ ልኬያለሁ። ውስጡ መርፌ፣ ማሽን፣ የመለኪያ ወረቀት፣ የሐኪም ማዘዣ ኮፒ አለ። የቤት ካርታውንና የጡረታ ደብተሩን ኮፒ አድርገው ይጨምሩበት፤ ዋናው እኔ ጋ ይሁን። ኢንሱሊኑ ፍሪጅ ውስጥ ይቆይ። ሲወጡ በጨርቅ ጠቅልለው ከበረዶ ጋር ይያዙት፤ በረዶው ግን ብልቃጡን መንካት የለበትም፣ ወደ በረዶነት ከተለወጠ ይበላሻል። ቦርሳውን አልጋ ሥር አይክተቱት፤ በሩ ጀርባ ይንጠልጠል።

አንድ ነገር ይቀረኛል። ባለፈው ስመጣ ከጀርባ ያሉትን እማማ ለብቻቸው አነጋግሬያቸው ነበር። «አብረውን ይሄዳሉ?» ስላቸው «አባትሽ ከወጣ እወጣለሁ፣ እሱ ከቀረ ግን ብቻውን ጥዬው አልሄድም» አሉኝ። ልጆቻቸው ውጭ አገር ናቸው፤ የሚወስዳቸው ሰው የለም። ስለዚህ አንቱ «እኔ አልሄድም» ሲሉ የሚወስኑት ለራስዎ ብቻ አይደለም። እኚያ ሴትዮ ኢንሱሊኑን በአሸዋ ቀብረው እያጠጡ ያቆዩልዎ ናቸው።

መልስዎን በወረቀት ይጻፉልኝ። እሺ ወይም አይሆንም ይበሉኝ፤ «አላህ ያውቃል» የሚለውን ግን አልቀበልም። አላህማ ያውቃል፤ እኔ ማወቅ የምፈልገው የአንቱን ሐሳብ ነው። አይሆንም ካሉ ምክንያቱን ይዘርዝሩልኝ፣ መጥቼ አንድ በአንድ እንከራከርበታለን። ልጁ እሑድ ወደ ደሴ ይመለሳል፣ ለእሱ ይስጡት። የጠዋቱን ስኳር ሳይበሉ ይለኩና ቁጥሩን ከታች ይጻፉልኝ።

ልጅዎ